በስኒ አፍ የሚሸፈኑ አምስት ቀዳዳዎች

ቨርጂኒያ ሳለሁ ጠመንጃዬን የምለካው በቡና ስኒ ነበር። 100 ያርድ ላይ የሰቀልኩትን ወረቀት አወርድና ስኒዋን ገልብጬ ቀዳዳዎቹ ላይ አስቀምጣታለሁ። አምስቱም ከስኒዋ አፍ ሥር ከገቡ ጠመንጃውም እኔም ለአደን ደርሰናል ማለት ነው። ስኒዋ እናቴ ከላከችልኝ ስድስት ስኒዎች ሳትሰበር የቀረችው ናት።

ባለፈው ነሐሴ ኮሎራዶ ውስጥ ወረቀቱን ሳወርድ ግን ስኒዋን ከቦርሳዬ አላወጣኋትም። አንዱ ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥቷል። ሁለቱ ወደ ግራ ሄደዋል። አንዱ ታች ወርዷል። አምስተኛው የወረቀቱን ጠርዝ ቀዶ ወጥቷል። ከዳር እስከ ዳር ስለካው 6 ኢንች ተኩል ሆነ፤ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ይህን የድስት ክዳን እንጂ ስኒ አይሸፍነውም።

ያው ጠመንጃ ነው። ያው የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ያው ጥይት። የተለወጠው አገሩ ብቻ ነው።

ጠመንጃው በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ነው፤ እዚህ ቦልት አክሽን ይሉታል። እጀታውን ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ይወጣል። ወደ ፊት ትገፋዋለህ፣ አዲሱ ጥይት ይገባል። የጥይቱ ዓይነት ሰርቲ ኦት ሲክስ ይባላል። ስሙ ውስጥ ያለው 06 የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበትን 1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው የሚያመለክተው። እንጨቱ ዋልነት ነው፣ ጥቁር ቡናማ፣ ያረጀና የሚያምር። ቨርጂኒያ ከአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ነው የገዛሁት። ስገዛው ልቤን የወሰደው እጀታው ነበር። ሞጣ፣ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደግኩበት ቤልጅግ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁለቱም የዚያ ጀርመኖች በ1898 (እ.ኤ.አ.) የታጠቁት ማውዘር ልጆች ናቸው።

አበሻ ጓደኞቼ አደን እወዳለሁ ስል ይገረማሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቅር ይለዋል። ቅር የሚላቸውን እረዳቸዋለሁ። እኔም ከባድ ነገር መሆኑን የማውቅበት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ አንዲት አጋዘን ላይ ተኮስኩ። ቆሜ፣ ሳልደገፍ፣ በችኮላ። ስትመታ ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ቅጠል ላይ ደም አየሁ። መጀመሪያ እንደ ብር የሰፋ ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ ምስር ፍሬ፣ ቀጥሎ ምንም። እስኪመሽ ፈለግኳት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመልሼ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። የዚያን ጊዜ ጠመንጃው ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥይቴ የት እንደሚያርፍ ሳላውቅ እንስሳ ላይ ቃታ አልስብም።

ስለዚህ 6 ኢንች ተኩል ለእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 8 ኢንች ያህል ስፋት አለው። በ100 ያርድ 6 ተኩል የሚበትን ጠመንጃ በ200 ያርድ 13 ይበትናል። ያ ማለት ደረቷን አልመህ ሆዷን ወይም እግሯን ልትመታ ትችላለህ። ቅጠሉ ላይ ያየሁት ደም እንደገና መጣብኝ።

ጊዜም አልነበረኝም። ኮሎራዶ ውስጥ የአጋዘን ፈቃድ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ዲቪ እንደምንሞላው ሞልቼ ደርሶኛል። የእኔ ወቅት የሚከፈተው ጥቅምት መጨረሻ ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ሥጋው ከዚያ በፊት ቤት ካልገባ ባለቤቴ ፍሪጁን በምን ልሙላው ትለኛለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከፍታውን ነበር። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ጥይቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ይህ እውነት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ራሴን አጽናናሁ። የመነጽሩን ማስተካከያ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ላይ አዞርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

አሁን ሳስበው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ አድርጌ ነበር የያዝኩት። መሳት ሌላ ነው፣ መበተን ሌላ ነው። አምስት ጥይት አንድ ቦታ ተሰብስቦ ግን ካለምከው ነጥብ ርቆ ቢያርፍ፣ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። መነጽሩን ጥቂት ማዞር ነው የሚቀረው። አብዛኛው የአደን መነጽር በአንድ ቀጭ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ቆጥረህ ታዞራለህ፣ አለቀ። ከፍታም የሚያመጣው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው ተበታትነው ከሆነ ግን መነጽር ማዞር የሚንቀሳቀስን በግ ጥላ እንደ መከተል ነው። የሚላላ፣ የሚነካካ ወይም የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው ጥፋቴ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ነገር በአንዴ ለወጥኩ። አዲስ ጥይት ገዛሁ፣ ባረሉን፣ ማለትም ጥይቱ የሚወጣበትን ረጅሙን የብረት ቱቦ፣ በደንብ አጠብኩ፣ የመነጽሩን ቀለበቶች አጠበቅኩ። ተኮስኩ፤ 4 ኢንች ተኩል። ደስ አለኝ። ሁለተኛ ዙር ተኮስኩ፤ 7 ኢንች። የቱ ረዳ? የቱ ጎዳ? ማወቂያ የለኝም። 40 ጥይት ጨርሼ ከመጣሁበት ባነሰ እውቀት ቤቴ ገባሁ።

ያን ማታ ደብተር ገዛሁ። ሕጉ ቀላል ነበር። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። እያንዳንዱ ቀዳዳ በተተኮሰበት ተራ ቁጥር ይጻፍበታል። ሦስት ጥይት አይበቃም፣ አምስት ነው፤ ሦስት ጥይት በአጋጣሚ አንድ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። ከአምስቱ በኋላ ባረሉ እስኪበርድ ይጠበቃል። የአደን ጠመንጃ ባረል ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ በእጅ መያዝ እስኪያቅት ድረስ የተተኮሰበት ጠመንጃ የሚሰጥህ መልስ የአደን መልስ አይደለም። አደን ላይ የምትተኩሰው አንድ ጥይት ነው፣ በቀዝቃዛ ባረል።

መነጽሩ መጀመሪያ ተመረመረ። ጓደኛዬ የሚታመን መነጽር አለው፣ ተውሼ አሰርኩት። ጠመንጃው ያው በተነ። መነጽሬ ነጻ ወጣ።

ባረሉን በጨርቅ ሳጸዳ መጀመሪያ ጥቁር ጥላሸት ወጣ። መዳብ የሚያሟሟውን ፈሳሽ ስጨምርበት ደግሞ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። እርሳሱ የሚለብሰው መዳብ ውስጡ ተለጥፎ ነበር። ሰማያዊው እስኪጠፋ ሦስት ምሽት ወሰደብኝ። የአፈሙዙን ጠርዝ በጥጥ ጫፍ ዙሪያውን አሸሁት፤ ጥጡን የያዘ ወይም የነጨ ቦታ አልነበረም። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ከጥይቱ ኋላ የሚወጣው ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ያዛባዋል። የእኔው ደህና ነበር። ተኮስኩ፤ 5 ኢንች ተኩል።

ጥይትም ሞከርኩ። ጠመንጃ እንደ ሰው ሆድ ነው፣ ሁሉ አይስማማውም። 150፣ 165 እና 180 ግሬን የሚመዝኑ ሦስት ዓይነት ጥይቶች፣ ከእያንዳንዱ አሥር። 165ቱ ከሁለቱ ትንሽ ተሻለ፣ ግን እሱም 5 ኢንች አካባቢ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያንን ብቻ ያዝኩ።

እዚህ ላይ ደብተሩ መናገር ጀመረ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቁጥሮቹን ተከተልኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ጥይት ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። ሦስተኛው ወደ ግራ ይሄዳል። አራተኛውና አምስተኛው የባሰ ግራ። በየወረቀቱ! ከዚህ ሌላ ደግሞ ተራ የማይጠብቅ አንድ ጥይት አለ፣ አንዴ ሁለተኛው፣ አንዴ አራተኛው፣ ድንገት ታች የሚወርድ። አንድ በሽታ ፈልጌ ሁለት አገኘሁ።

የታችኛውን ያገኙልኝ ጋሼ ናቸው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ስማቸውን ሳይጠሩ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ በደርግ ጊዜ ወታደር የነበሩ፣ አሁን የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። አብረውኝ ወደ ተኩስ ሜዳ መጡ። ከኋላዬ ቆመው ሁለት ጥይት ስተኩስ አዩኝና ምንም አላሉም። ከዚያ፣

“ጠመንጃውን ለኔ ስጠኝ፤ እኔ እያጎረስኩ እሰጥሃለሁ፤ አንተ መተኮስ ብቻ ነው” አሉኝ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያቀባብላሉ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ ያቀብሉኛል። አንደኛውን ተኮስኩ፣ ጮኸ። ሁለተኛውን ተኮስኩ፣ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ስስብ “ቀጭ” አለ። ባዶ ነበር። ጠመንጃው አልተኮሰም፣ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ጎንበስ አለ። በዓይኔ አየሁት። የመነጽሩ መስቀል ከኢላማው ላይ ተንሸራትቶ ሣሩ ላይ ወረደ። ትከሻዬ ምቱን ቀድሞ ፈርቶ ጠመንጃውን ገፍቶታል።

“አየህ?” አሉኝ። “ድምፁን እየጠበቅከው ነው። አትጠብቀው።”

“ስንት ዓመት ተኩሼ አሁን እንዴት ጋሼ?”

“በአንድ ወር ስንት ጥይት ተኮስክ?”

ወደ 90 ደርሶ ነበር። ያ ጠመንጃ ቀላል አይመታም። ትከሻዬ ላይ ቢጫና ሰማያዊ የሆነ ብልዝ ነበረኝ፤ ልብ አላልኩትም እንጂ ሰውነቴ ተምሮበታል። በሽታውን ስፈልግ ሌላ በሽታ ጨመርኩበት ማለት ነው።

ለሁለት ሳምንት እውነተኛ ጥይት አልነካሁም። በየማታው ልጆቹ ሲተኙ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጬ፣ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ቆልፌ፣ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳት ነጥብ ላይ ቃታ ሳብኩ። ሃያ ጊዜ በየማታው። ቃታው ሲለቅ መስቀሉ እንዳይንቀሳቀስ። መጀመሪያ ላይ ከሃያው አምስት ስድስቱ ይንቀጠቀጡ ነበር። በኋላ ቀረ። ጋሼ እንደገና አቀባብለው ሰጡኝ፤ ባዶው ላይ ጠመንጃው እንደ ድንጋይ ቀጥ አለ። ታች የሚወርደው ጥይት ከወረቀቶቼ ላይ ጠፋ።

ወደ ግራ የሚሄደው ግን አለ። 3 ኢንች ተኩል፣ 4 ኢንች፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ።

እሑድ አባዬን ደወልኩለት። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ተነጋገርን። ከዚያ ስለ ጠመንጃው ነገርኩት። እንዲሁ ለጨዋታ ነበር፤ ምክር እየጠየቅኩት አልነበረም። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

“እንጨቱስ ልጄ?” አለኝ።

“እንጨቱ ምን ሆነ?”

“የኛው ቤልጅግ ክረምት ክረምት እንጨቱ ያብጥ ነበር። በጋ ሲገባ ደግሞ ይኮማተራል። ጥር ላይ ሁለቱን ብሎን ሳላጠብቅ አልተኩስም ነበር። ኑግ ዘይትም እቀባው ነበር። ያንተ እንጨት ያለበት አገር ዝናብ አለው?”

ስልኩን እንደያዝኩ ዓይኔ ረከቦቱ ላይ አረፈ። ከአገር ያመጣሁት ረከቦት ነው፣ ቨርጂኒያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ሐምሌ ላይ ከመሐሉ ተሰንጥቋል። ዕቃ ስንጭን የተሰነጠቀ መስሎኝ ነበር።

ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ በዓመት ከ40 ኢንች በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ በጋው ላብ በላብ ነው። ዴንቨር ወደ 15 ኢንች ነው። እዚህ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ እንጀራ ሳይሸፈን ካደረ ጠዋት ይኮራመታል። ያ ዋልነት ዕድሜውን ሙሉ እርጥበት ጠጥቶ ኖሮ በአንድ የጸደይ ወር ደረቅ አገር መጣ። ረከቦቱ ሲሰነጠቅ ጠመንጃው እንዴት ይቀራል?

ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ከሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ካቻቪቴውን የፊተኛው ላይ አደረግኩ። በሁለት ጣቴ ብቻ ግማሽ ዙር ያህል ዞረ። እንጨቱ ሲኮማተር ብሎኑ የሚይዘው አጥቷል፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ይንሸራተትና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ጥብቀቱን የሚለካ ካቻቪቴ ገዝቼ በመመሪያው መሠረት ሁለቱንም በ40 ኢንች ፓውንድ አጠበቅኩ። አንድ ለውጥ፣ አንድ ቀን። ተኮስኩ፤ 2 ኢንች ተኩል። አምስተኛው ጥይት አሁንም ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

ከዚያ የዶላሩን ነገር ሞከርኩ። አዳኞች ሁሉ ያውቁታል። አንድ የአንድ ዶላር ብር ባረሉና የፊተኛው እንጨት መሐል ታስገባለህ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። በደንብ የተሠራ ከሆነ ሳይነካ እስከ ብረቱ አካል ይሄዳል። የእኔው አራት ጣት ያህል ሄዶ ቀኙ ያዘው። ግራው ይንሸራተታል፣ ቀኙ ቆሟል። እንጨቱ ሲደርቅ ጠምዘዝ ብሎ በቀኝ በኩል ባረሉን ተደግፎታል። ጥይት ሲተኮስ ባረል ይርገበገባል፤ በአንድ ጎኑ ሲነካ ርግብግቡ ይዛባል። ሲግል ደግሞ ግፊቱ ይለወጥና ጥይቱን ወደ ግራ ይልካል። ደብተሩ ሲለኝ የነበረው ይህን ነው፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።

ብረቱን ከእንጨቱ አወጣሁት። ቀኝ በኩል፣ እንጨቱ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የሚያብረቀርቅ ቦታ ነበር፤ ብረት ሲያሽው የለሰለሰ። ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም ዱላ ላይ ጠቅልዬ ቀስ እያልኩ ሞረድኩት። ጥቂት እሞርዳለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ ዶላሩን አሳልፋለሁ፣ እንደገና አወጣዋለሁ። ሁለት ምሽት ፈጀ። ዋልነት ሲሞረድ ሽታው ደስ ይላል፣ ቤቱ ሁሉ አናጢ ቤት ሸተተ። ሲጨረስ አንድ ዶላር ሳይሆን ሁለት ተደርበው አለፉ።

የተሞረደውን ውስጡን ሦስት ጊዜ ስስ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ እርጥበት እንዳይገባና እንዳይወጣ። ውጩን ግን የተልባ ዘይት ነው ያሸሁት። እዚህ አገር ሰዎች ለጠመንጃ እንጨት ከድሮ ጀምሮ የሚቀቡት እሱን ነው፤ አባቴ ኑግ እንደሚቀባው ማለት ነው። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ፣ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት ወጣሁ። አሸዋ የሞላው ከረጢት ከፊተኛው እንጨት ሥር፣ ትንሹ ከሰደፉ ሥር። ተኮስኩ። እጀታውን አነሳሁ፣ ሳብኩ፣ ቀለሁ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። በየመሐሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። አምስተኛውን ተኩሼ በመነጽሩ አላየሁም። ሜዳው ተዘግቶ ወደ ኢላማ መሄድ እስኪፈቀድ ተቀምጬ ቆየሁ። ስኒዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ኢንች ከሩብ። ስኒዋን ሳስቀምጥባቸው ከዳርም ከዳርም ቦታ ተረፈ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በእህቴ ስልክ ለአባዬ ላኩለት። ማታ ደወለ። መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን እያየ መሆኑን ከድምፁ አወቅኩት።

“ስንት ጊዜ ተኮስክ አልከኝ?”

“አምስት።”

“እኔ የማየው ሦስት ነው።”

“ሁለቱ በሌሎቹ ቀዳዳ ነው ያለፉት አባዬ።”

ዝም አለ። ከኋላው እህቴ “ስልኩን ስጠኝ፣ ላጉላልህ” ስትለው ይሰማኛል። አልሰጣትም። ቆይቶ፣

“ወረቀቷን አትጣላት” አለኝ። “ስትመጣ ይዘህልኝ ና።”